ካሸሯ ዳይጆቡ አለች፣ እኔም ዳይጆቡ አልኩ፣ ፌስታሉ ግን ቀረ

የመነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። ጃፓን ከመጣሁ ሰባት ወሬ ነው። ጥያቄዬ ስለ አንዲት ቃል ናት፤ ዳይጆቡ። የመማሪያ መጽሐፌ ትርጉሟን ደህና፣ ችግር የለም ብሎ አስቀምጦታል። እኔም እንደዚያው ሸመደድኳት።

ትናንት ማታ ሰፈሬ ያለ ኮንቢኒ ገባሁ። ለማያውቅ ሰው፣ ኮንቢኒ ቀንም ሌሊትም የማይዘጋ ትንሽ ሱቅ ነው። ወተት፣ ዳቦና 10 እንቁላል የያዘ ማሸጊያ አነሳሁ። ካሸሯ ፉኩሮ ብላ ጀመረች። ፉኩሮ ፌስታል እንደሆነ አውቃለሁ። ቀጥላ ዳይጆቡ ዴስ ካ አለችኝ። እኔ የሰማሁት ፌስታል ይሁንልህ ወይ ስትለኝ ነው። ደረቴን ነፍቼ ዳይጆቡ ዴስ አልኳት። ይሁንልኝ ማለቴ ነበር። ልጅቷ ፈገግ ብላ ጎንበስ አለችና ዕቃዬን እንዳለ ወደኔ ገፋ አደረገችው። ፌስታል የለ፣ ምን የለ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ወተቱን በብብቴ፣ ዳቦውን በጥርሴ፣ እንቁላሉን በእጄ ይዤ ወጣሁ። የቤቴ ደረጃ ላይ ስደርስ እንቁላሉ አመለጠኝ።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ይቺ ቃል እሺ ናት ወይስ እምቢ?

(ከሦስት ቀን በኋላ የተጨመረ፤ የውይይቱ ክር ስለረዘመና በመሃል ጠብ ቢጤም ስለነበረበት፣ ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው መልሶቹን እንደ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አስቀምጫለሁ። አስተያየቴንም አልፎ አልፎ ጣል አድርጌያለሁ። የተከፋ ካለ ይቅር ይበለኝ።)

1ኛ መልስ
ኦሳካ የሚኖር ወንድማችን ነው። በትሕትና እንኳን ደህና መጣህ ካለኝ በኋላ፣ እሱም በመጀመሪያው ወር እንዲሁ ዕቃውን ታቅፎ እንደወጣ ነገረኝ። ካሸሯ የጠየቀችኝ ፌስታል እንደምፈልግ ሳይሆን፣ ያለ ፌስታል እንደሚሆንልኝ ነበር። ጥያቄው ውስጥ ያለ የሚለው ነገር አልተነገረም እንጂ አለ። የዚህ ሁሉ መነሻም ሕግ እንደሆነ አስረዳኝ። በፈረንጆቹ ጁላይ 1 ቀን 2020 ጃፓን ሱቆች ፌስታል በነጻ እንዳይሰጡ ደነገገች። ከዚያ በፊት ማንም ሳይጠይቅ ዕቃው ፌስታል ውስጥ ይገባ ነበር። አሁን ዋጋው ሦስትም ይሁን አምስት የን፣ ካሸሩ እያንዳንዱን ሰው መጠየቅ አለበት። ስለዚህ አዲስ የመጣ ሰው ከዳይጆቡ ጋር ቀድሞ የሚጋጨው እዚያው ሱቅ ባንኮኒ ላይ ነው።

2ኛ መልስ
ሳቅ ብቻ። በመጨረሻ ከአሥሩ እንቁላል ስንቱ እንደተረፈ ጠየቀኝ። ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ስለመሰለኝ ዝም አልኩት።

3ኛ መልስ
አዲስ አበባ ሆና ጃፓንኛ የምታስተምር እህታችን ናት። ከሁሉም የረዳኝ የሷ መልስ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስቀምጠው።

ስህተቴ ቃሉን ለብቻው መተርጎሜ እንደሆነ ነገረችኝ። ዳይጆቡ የሚፈታው በራሱ ሳይሆን በጥያቄው ነው። ሰው አንድ ነገር ሊሰጠኝ ወይም ሊያደርግልኝ ሲል ዳይጆቡ ዴስ ካልኩ ይቅርብኝ ማለቴ ነው። ምግቡን ላሙቀው ሲሉኝ እንደዚያ ካልኩ ቀዝቃዛውን እበላለሁ። ሰው ፈቃዴን ወይም ምቹ መሆኑን ሲጠይቀኝ ግን ያው ቃል ይሁንታ ይሆናል። ቀጠሯችን ማክሰኞ ቢሆን ዳይጆቡ ነው ወይ ለሚለኝ፣ ዳይጆቡ ዴስ ካልኩ ማክሰኞ ይጠብቀኛል። ሦስተኛው ደግሞ ስለራሴ ስጠየቅ ነው። ወድቄ ሰው ሮጦ ሲመጣ ደህና ነኝ ለማለት እጠቀምበታለሁ።

ሦስቱ ሲታዩ ለየቅል ይመስላሉ። በሷ አስተያየት ግን መነሻቸው አንድ ነው። ሁሉም ስለኔ አትጨነቅ፣ እንዳለሁ ይሆንልኛል የሚል መልእክት አላቸው። ፌስታል ባትሰጪኝም እንዳለሁ ይሆንልኛል። ማክሰኞ ብታደርገውም ይሆንልኛል። ብወድቅም ይሆንልኛል። እሺና እምቢ ከቃሉ ሳይሆን ከጥያቄው የሚመጡ ናቸው። ይሄን ሳነብ ጭንቅላቴ ውስጥ መብራት የበራ መሰለኝ።

4ኛ መልስ
የቋንቋ ፈተናውን ሁለተኛ ደረጃ ማለፉን በመጀመሪያው መስመር ያሳወቀን ወንድም ነው። ነገሩን ማካበድ አያስፈልግም ባይ ነው። ሲፈልጉ ሃይ፣ ሳይፈልጉ ኢዬ የሚለውን ከፊት ማስቀደም፣ በቃ። ሃይ አዎ ነው፣ ኢዬ አይደለም ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚሳሳት ካሸር አይኖርም።

5ኛ መልስ
መምህሯ ተመለሰች። በጨዋ ደንብ ነው የጣለችው። ሃይ ማለት የተጠየቀውን ነገር ልክ ነው ማለት እንጂ ዕቃውን እፈልጋለሁ ማለት አይደለም። ያለ ፌስታል ይሆንልሃል ወይ ለሚል ጥያቄ ሃይ ዳይጆቡ ዴስ ያለ ሰው፣ አዎ፣ ያለ ፌስታል ይሆንልኛል ነው ያለው። እኛስ አትመጣም ወይ ስንባል አዎ ብለን እንቀር የለም ወይ ብላ ጠየቀች። እውነቷን ነው። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ አዎ ብዬ ቀርቻለሁ።

6ኛ እና 7ኛ መልስ
ባለ ፈተናው ተቀየመ። አምስት ዓመት ጃፓን እንደኖረና አንድም ቀን ፌስታል እንዳልተከለከለ ጻፈ። ወዲያው ሌላ ሰው ገብቶ፣ ምናልባት ሁልጊዜ ከቤቱ ዘንቢል ይዞ ስለሚወጣ ይሆናል ሲል ወጋ አደረገው። ከዚህ በኋላ ባለ ፈተናው ድምፁ ጠፋ። ተመልሶ የመጣው 20ኛው ላይ ነው።

8ኛ መልስ
ቶኪዮ ካትሱሺካ የምትኖር እናት። እዚያ ሰፈር ሐበሻ በርከት ብሎ እንደሚኖር ታውቃላችሁ። ጃፓናዊት ጎረቤቷን ቡና ጠርታ ነበር። አቦሉን ጠጡ። ቶናው ሲደርስ ጎረቤቷ ዳይጆቡ ዴስ አሉ። የቤቷ እመቤት ደግሞ በቃሉ ደስ ብሏት ሲኒያቸውን ሞላችው። በረካው ላይም እንዲሁ ሆነ። ሴትዮዋ ሦስቱንም ምንም ሳይሉ ጠጥተው፣ አመስግነው ሄዱ። በማግስቱ ደጅ ላይ ሲገናኙ ሌሊቱን ዓይናቸውን ሳይከድኑ እንዳነጉ በፈገግታ ነገሯት። ይቺን መልስ አውቶቡስ ውስጥ አንብቤ ለብቻዬ ስስቅ ሰዎች ዞረው አዩኝ።

9ኛ መልስ
ሴትየዋን የሚያጽናና ነው። ጃፓኖችም እንደኛ መግደርደር እንዳላቸው ጻፈ፤ ኤንርዮ ይሉታል። የመጀመሪያው እምቢታ የይሉኝታ ሊሆን ስለሚችል አንድ ጊዜ ደግሞ መጋበዝ ነውር የለውም። ጉዳቱ እኛ በሞቴ ብለን የምናስገድደው ነው፤ በሞቴ የሚባል ነገር ወደ ጃፓንኛ አይዞርም። ሞክሮት ነበር አሉ። የሥራ ባልደረባው በድንጋጤ ጤንነቱን ጠየቀው።

10ኛ መልስ
በግማሹ ብቻ የተስማማ። የይሉኝታውንና የእውነተኛውን እምቢታ ልዩነት የሚነግረው እጅ እንደሆነ ያምናል። አፍ ዳይጆቡ ሲል እጅ ፊት ለፊት እንደ ማራገቢያ ከተወዛወዘ ወይም ሲኒው ላይ ከተከደነ ነገሩ አብቅቷል። ከፊቱ ሞኦ የሚል ካለም እንዲሁ፤ ሞኦ ዳይጆቡ ዴስ ካሁን ወዲያ ይበቃኛል ነው። ለካትሱሺካዋ እናት፣ የጎረቤቷ እጅ የት እንደነበር ጠየቃት። ሲኒው ላይ እንደነበረና እሷ ግን ቀስ አድርጋ አንስታው እንደቀዳች በአንድ መስመር መለሰችለት።

11ኛ መልስ
ጓንግዡ ሆኖ ዕቃ ወደ አገር ቤት የሚልክ ነጋዴ ነው። ጃፓንኛ አያውቅም። ግን ዳይጆቡ የምትጻፍባቸውን ሦስት ምልክቶች ስልኩ ላይ አይቶ ደነገጠ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቻይና ውስጥ ጃንግፉ ተብለው ይነበባሉ፣ ትርጉማቸውም ባል ነው። የመጀመሪያው ደግሞ ትልቅ ነው። ታዲያ ጃፓኖች ፌስታል ሲቀርባቸው ትልቅ ባል ነው የሚሉት ወይ ብሎ ጠየቀ።

12ኛ እና 13ኛ መልስ
የባል ቀልድ። አንዷ ባሏ ፌስታል እንኳን ተሸክሞላት እንደማያውቅ ጻፈች። ሌላዋ ለባሏ ክሩን ልካለት እንዳልመለሰላት ነገረችን። አልፋቸዋለሁ።

14ኛ መልስ
ኪዮቶ ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ተማሪ የነጋዴውን ጥያቄ በቁም ነገር ያዘው። ቃሉ ከቻይና የመጣ ነው። መካከለኛው ምልክት፣ ጆ፣ የርዝመት መለኪያ ነው። ዛሬ ጃፓን ውስጥ ሦስት ሜትር ገደማ ነው። በጥንት ቻይና ግን አጠር ያለ ስለነበር የጎልማሳ ወንድ ቁመት ይነገርበት ነበር። ቡ ደግሞ ወንድ ነው። ሲገጣጠም ትልቅ ወንድ፣ ጀግና፣ የማይበገር ሰው የሚል ነበር። ጃፓን ገብቶ ከሰውየው ወደ ጠባዩ ተሻገረ። ጠንካራ ሆነ፣ ከዚያ አስተማማኝ፣ ከዚያ ደህና፣ ከዚያ ችግር የለም። ይቅርብኝ የሚለው አጠቃቀም ከሁሉም የኋለኛው ነው፤ በተለይ ወጣቶች ያዘወትሩታል። ያለ ዳይ፣ ጆቡ ብቻ ሲባል ግን እስከ ዛሬ ጠንካራ ማለት ነው። ለጫማም ለቦርሳም ይሆናል። እንግዲህ ያቺ ምስኪን ካሸር ፊት የቆምኩት፣ እኔ ጀግና ነኝ ፌስታል ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው ማለት ነው።

15ኛ መልስ
እዚህ ላይ አየሩ ተቀየረ። ስሙን ያልጠቀሰው አንድ ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ወንድም ነው። በጣም ተናዷል። ለታመመ ወንድሙ አገር ቤት ለመሄድ ፈቃድ ሲጠይቅ አለቃው ዳይጆቡ እንዳለውና በዚያ ተማምኖ ትኬት እንደቆረጠ ጻፈ። በኋላ አለቃው እኔ ያልኩት ሁኔታህ ይገባኛል፣ አትጨነቅ ነው እንጂ ፈቅጃለሁ አላልኩም አለው። የትኬቱ ገንዘብ ቀለጠ። ከዚያ ወዲያ ሕዝቡን በሙሉ አንድ ላይ ጠቅልሎ፣ ፊት ለፊት መናገር የማይችሉ፣ ቋንቋቸውም ለውሸት የተሠራ እንደሆነ ደመደመ። ሀዘኑ ይገባኛል። መደምደሚያው ግን አልተዋጠልኝም።

16ኛ መልስ
ለሱ የተሰጠው መልስ መረር ያለ ነበር። አንድ አንጋፋ አባላችን፣ እሺ ነገ የሚባል ነገር ይዞ ያደገ ሰው ሌላውን በግልጽ አለመናገር መክሰስ እንደማያምርበት ነገረው። ቢሮ ሄዶ እሺ ነገ የተባለ ሰው፣ ነገ ይሳካል ብሎ ትኬት አይቆርጥም። ደግሞስ እንዴት ነህ ሲባል እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብሎ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መታመሙን፣ ቤቱን መልቀቁን፣ ሰው መቅበሩን የሚያወራ ማን ነው? ደህናችን ራሷ ዳይጆቡ ናት ባይ ነው።

17ኛ መልስ
የተናደደው ተመለሰ። ነገሩ ከቋንቋ ትምህርት ያለፈ፣ ከኪሱ የወጣ ገንዘብ መሆኑን አስታወሰን። በአንድ ነገር ልክ ነበር፤ እሺ ነገን የምናውቀው አብረናት ስላደግን ነው፣ ዳይጆቡን ግን ማንም አላስጠነቀቀንም። ስለ ሕዝቡ የጻፈውን አንሥቶ ይቅርታ ጠየቀ። አንጋፋውም ድምፁን ከፍ ማድረጉን አምኖ ይቅርታ መለሰ። ይሄ በኢንተርኔት ላይ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

18ኛ መልስ
አረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ እህት። ከመምህሯ ቀጥሎ ይሄን ሁለቴ አነበብኩት። በሷ ሥራ ዳይጆቡ አደገኛ ቃል ናት። ሌሊት መታጠቢያ ቤት የወደቁ አዛውንት ዳይጆቡ ወይ ሲባሉ መልሳቸው ዳይጆቡ ነው፤ ዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮም ቢሆን። ሰው ላለማስቸገር ብለው ነው። ስለዚህ እሷና ባልደረቦቿ በዚያ ጥያቄ ብቻ አይመለሱም። የት ያምዎታል፣ ይህን እግር ማንሳት ይችላሉ፣ ጭንቅላትዎ መሬት ነክቷል ወይ ብለው አንድ በአንድ ይጠይቃሉ።

ለእኛም ለውጭ ሰዎች የሚረዳ ነገር ጨመረችበት። ያሳሺ ኒሆንጎ የሚባል አለ፤ ቀላል ጃፓንኛ ማለት ነው። ሐሳቡ የተወለደው ከ1995ቱ የኮቤ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ነው። ያኔ ብዙ የውጭ ዜጎች የሚነገረው ማስጠንቀቂያና መመሪያ ስላልገባቸው ተቸግረው ነበር። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፣ ሁለት የሚተረጎም ቃል ይቅር ነው ነገሩ። ያልገባን ቀን ያሳሺ ኒሆንጎ ዴ ኦኔጋይ ሺማስ፣ ማለትም እባክዎ በቀላል ጃፓንኛ፣ ብንል ብዙ ሰው ዝቅ ብሎ እንደሚያስረዳን መከረችን።

19ኛ መልስ
ምሳ ዕቃ የሚታሸግበት ፋብሪካ የሠራ ልጅ የሷን ሐሳብ በራሱ ጣት አጸናው። ቢላ ቆርጦት ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ጊዜ ዳይጆቡ አለ። ለአራተኛው ጥያቄ ሳይደርስ ደሙ ጓንቱን ሞላው። አምስት ቦታ ተሰፋ።

20ኛ መልስ
ባለ ፈተናው ተመለሰ፣ ይህን ጊዜ እርማት ይዞ። ሁላችንም ቃሉን አሳጥረን እየጻፍንና እየጠራን መሆናችንን ነገረን። ጆ ረዥም ነው። ዳ፣ ኢ፣ ጆ፣ ኦ፣ ቡ ተብሎ አምስት ምት መቁጠር አለበት። አማርኛ ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ እንጂ አናባቢ ሲረዝምና ሲያጥር ስለማይለይ ጆሯችን አይሰማውም። በሌላ በኩል ኬኮ ዴስ (ጥሩ ነው ወይም ይቅርብኝ) ላይ ኮን ማጥበቅ ለኛ ቀላል ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ናቸው የሚቸገሩበት። አሁን ገና ደስ አለኝ፣ ይሄ እውቀት ነው። (ዳይጆቡ ብዬ መጻፌን ግን ቀጥያለሁ። ለምጄዋለሁ።)

21ኛ መልስ
አናባቢ ማሳጠርና ማስረዘም ምን እንደሚያስከትል የደረሰበት ሰው። ኦባሳን አክስት ናት፣ ለጎልማሳ ሴትም ይባላል። ባን ስናስረዝመው ደግሞ አያት ትሆናለች። የሃምሳ ዓመት የቤት አከራዩን ለአንድ ዓመት አያቴ ሲላት ኖሯል። ኪራይ የጨመረችበት ለዚህ ይሁን ለሌላ እስከ ዛሬ አልገባውም።

22ኛ መልስ
ከርዕስ የወጣ፣ ግን ማን ይከለክለዋል። ቶኪዮ ታክሲ ተሳፍሮ ከኢትዮጵያ ነኝ ሲል ሽማግሌው ሹፌር አበበ፣ አበበ እያለ መሪውን ለቆ ሊጨብጠው ደረሰ። በ1964 አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ቶኪዮን ሲያሸንፍ ሹፌሩ ልጅ ነበር ብሎ ጻፈ።

23ኛ መልስ
አንጋፋው አረመው። በባዶ እግሩ የሮጠው በ1960 ሮም ላይ ነው። ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ነበር። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ኦሊምፒክ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ገና ሳምንታት ነበር። መስመሩን አልፎ ሌላው እስኪገባ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም አየው። የጥንቱ ዳይጆቡ፣ ያ የ14ኛው መልስ ትልቅ ወንድ፣ ይሄ ካልሆነ ማን ነው ብሎ ነገሩን መልሶ ወደ ርዕሳችን አስገባው። ጎበዝ ነው ሰውየው።

24ኛ መልስ
ቢሮ የምትሠራ እህት በአጭሩ። ለአለቃና ለደንበኛ ዳይጆቡ ላላ ያለ ስለሆነ ሞንዳይ አሪማሴን ማለት ይሻላል። ችግር የለም ማለት ነው። ለእምቢታ አዛውንቶቹ ኬኮ ዴስ ይላሉ። እሱም ግን ጥሩ ነው ማለትም ይቅርብኝ ማለትም ስለሚሆን ከድጡ ወደ ማጡ እንዳይሆን አስጠነቀቀች። ሱቅ ውስጥ መፍትሔው ቀላል ነው። ስትፈልጉ ኦኔጋይ ሺማስ፣ ሳትፈልጉ ኢሪማሴን።

25ኛ መልስ
ጃፓን ውስጥ ጤፍ የት እንደሚገኝ የጠየቀ። ክሩን ጨርሶ አላነበበውም። የካትሱሺካዋ እናት በግል እንዲጽፍላት ነገረችው።

26ኛ መልስ
እኔ ነኝ። ሁሉንም አመስግኜ፣ ዛሬ ማታ እዚያው ኮንቢኒ ሄጄ እንደነበር ነገርኳቸው። ያቺው ልጅ ናት ያለችው። ፉኩሮ ስትል ሳላስጨርሳት ኦኔጋይ ሺማስ አልኳት። ፌስታሉ መጣ። ከዚያ ኦሃሺ ብላ የምግብ መቆንጠጫውን እንጨት አነሳችና ዳይጆቡ ዴስ ካ አለችኝ። ቤት ሹካ አለኝ። እጄን ፊቴ ላይ እንደ ማራገቢያ እያወዛወዝኩ ዳይጆቡ ዴስ አልኩ፣ ጆን አስረዝሜ። እንጨቱን መለሰችው። በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ እምቢ ብዬ አላውቅም።

27ኛ መልስ
የ2ኛው መልስ ሰው አልረሳውም። የእንቁላሉን ነገር ደግሞ ጠየቀ። ሰባቱ ዳይጆቡ ዴስ ብዬ መለስኩለት።

28ኛ መልስ
መምህሯ። እንቁላሉ የወደቀው ሐሙስ ስለሆነ ዴስ (ነው) ሳይሆን ዴሽታ (ነበር) መባል አለበት።

29ኛ መልስ
እኔ። ሰባቱን በልቻቸዋለሁ። ዴሽታ።